ሞላ ላልን ሴቶች የቤሊ ዳንስ ልብስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ መርካቶ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። በሰርግ ቀሚስና በተማሪ ዩኒፎርም መሀል፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አንድ ሌላ ትእዛዝ በዝቶብኛል። ሴቶች ገብተው፣ ግራ ቀኙን አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "የዐረብ ዳንስ ልብስ ትሰሪያለሽ?" ይሉኛል። አንዷ ከቤሩት ወይም ከዱባይ ስትመለስ ይዛው የመጣችው አልገባ ብሏት ነው። አንዷ ለእህቷ የሂና ማታ ትፈልገዋለች። አንዷ ጂም ስትገባ የዳንሱ ክፍል ደስ ብሏት ቀርታለች። አብዛኞቹ እንደኔው ሞላ ያሉ ናቸው። የኔ ዳሌ 120 ሴንቲ ነው፤ ሳትጠይቁኝ ልናገረው። የሚጠይቁኝ ነገር አንድ ዓይነት ስለሆነ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ቤሊ ዳንስ የቀጫጭኖች አይደለም እንዴ?

ማነው እንዲህ ያለው? ጭፈራው የዳሌና የሆድ ነው። የሚንቀጠቀጥ ነገር ከሌለ ምን ሊታይ ነው? ግብፃዊቷ ፊፊ አብዶ ሙሉ ሰውነት ይዛ፣ ብዙ ጊዜም በረዥም ጀለቢያ ነው ካይሮን ያስጨበጨበችው። የሚያስቸግረን ልብሱ ነው። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ትንሽ ጡት፣ ጠፍጣፋ ሆድና ጠባብ ዳሌ ታስቦ ይቆረጥና፣ ለኛ ሲሆን እዚያው ላይ ዙሪያው ብቻ ይሰፋል። ሰውነታችን ግን በዙሪያ ብቻ አይደለም የሚለየው። ክብደት አለው፣ ወደ ፊት ይወጣል፣ ወደ ኋላም ይወጣል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያንን ክብደት ምን እንደሚሸከመው ነው።

ሆዴን ማሳየት አልፈልግም። ሳላሳይ ይሆናል?

ይሆናል፤ እንዲያውም የቆየው ልማድ እሱ ነው። ጡት መያዣ፣ ቀበቶና ጉርድ ያለው፣ ዐረቦቹ "በድላ" የሚሉት ልብስ የመድረክ ፈጠራ ነው። በዲያ ማሳብኒ የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1926 ካይሮ ውስጥ የምሽት ክበብ ከፈተች፤ በድላም ስሙ የገነነው በእንዲህ ዓይነቶቹ መድረኮችና በኋላም በግብፅ ፊልሞች ላይ ነው። ሰፈር ውስጥ ግን ሴቱ የሚጨፍረው ረዥም ቀሚሱን እንደለበሰ፣ ዳሌው ላይ ሻርፕ አስሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ደግሞ የግብፅ መንግሥት መድረክ ላይ ሆድ እንዲሸፈን አዘዘና ዳንሰኞቹ ከጡት መያዣው እስከ ቀበቶው ስስ መረብ መልበስ ጀመሩ።

ስለዚህ ሁለት መንገድ አለሽ። አንደኛው መረቡ ነው። ሁለተኛው "በለዲ" የሚባለው ወጥ ቀሚስ ነው፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ሆኖ፣ ጎኑ ላይ ቀደድ ተደርጎ፣ ዳሌው ላይ ሻርፕ ወይም ዶቃ ያለው ቀበቶ ይታሰርበታል። ምክር ከጠየቅሽኝ ለመጀመሪያ ልብስሽ በለዲውን ስፊ። ጨርቁ ትንሽ ነው፣ የሚበጠስ ነገር የለውም፣ አማትሽም ካለች አታፍሪም። ጨርቁ የሚለጠጥ ከፋይ ከሆነ ደግሞ በጣም ያምራል። ሳቲን ግን ተይው። ሳቲን መብራት ሲያርፍበት እያንዳንዷን እጥፋት ቆጥሮ ያሳያል። ከፋይ ብርሃኑን ውጦ ቅርጹን ብቻ ይተዋል።

መረቡ ሮዝ የሆነ የፈረንጅ ቆዳ ይመስላል። ምን ላድርገው?

በቡና ንከሪው። አልቀለድኩም። ጅማ ተቀምጠን ቡና አይጠፋንም። ወፍራም አድርገሽ አፍዪና አጥልዪው፣ ፈልቶ ትንሽ ሲበርድ መረቡን አርጥበሽ አስገቢ፣ እያገላበጥሽ ግማሽ ሰዓት አቆዪው። የፈላ ውኃ ውስጥ ግን እንዳትጨምሪ፤ ላስቲኩ ይበላሻል። ሻይ ቅጠል ወደ ቀይ ዳማ ያመጣል፣ ቡና ወደ ጠይም። ሲደርቅ ስለሚደበዝዝ ከምትፈልጊው ትንሽ ጠቆር ሲል አውጪው። መረቡ ናይለን ከሆነ ቀለሙን ይቀበላል፣ ፖሊስተር ከሆነ አይዝም። ስለዚህ መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ሞክሪ። ሽታው በሁለት እጥበት ይለቃል፤ ባይለቅስ ማን ይጠላዋል?

ጡት መያዣው አልችል ይላል። ስጨፍር ይወርዳል፣ ወይም ትከሻዬን ይቆርጠዋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፤ ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

ብዙ ሴት ጡትን የሚይዘው የትከሻው ማሰሪያ ይመስላታል። ዋናውን ሸክም የሚሸከመው ከጡት ሥር ደረትን የሚዞረው ክፍል ነው። መፈተኛ ልንገርሽ፦ የለበስሽውን ጡት መያዣ ማሰሪያዎች ከትከሻሽ አውርጂ። ባለበት ከቆመ ልክሽ ነው። ከወረደ ዙሪያው ሰፍቶሻል፣ ጡቱ የሚገባበት ክቡ ደግሞ ጠቦሻል። 42 ሲ እየገዛች ስትንከራተት የኖረች ሴት ስለካት ብዙ ጊዜ 38 ዲዲ ሆና አገኛታለሁ። ፊደሉ ቢለወጥም የክቡ መጠን ያው ነው፤ ዙሪያው ግን ጥብቅ ብሎ ይይዛታል።

ስለዚህ መጀመሪያ ብረትና ጠንካራ ስፖንጅ ያለው፣ በልክሽ የሆነ ተራ ጡት መያዣ ፈልጊ። ሰልቫጅ ውስጥ ከአዲሱ የተሻለ ጠንካራ አገኛለሁ። ከመሀል ያለው ብረት ደረትሽ አጥንት ላይ ተኝቶ መቀመጥ አለበት፤ ከተንሳፈፈ ተይው።

ከዚያ ላስቲክ የሆነውን ሁሉ እቆርጣለሁ። የትከሻውንም የጀርባውንም። ላስቲክ ዶቃ ሲጫንበት ይለጠጣል፤ አንቺ ስትንቀጠቀጪ እሱም አብሮሽ ይጨፍራል። በምትኩ የማይለጠጥ፣ በድርብ የተሰፋ ጠንካራ ጥጥ እጠቀማለሁ። ትከሻው ላይ ቢያንስ 4 ሴንቲ፣ ጀርባው ላይ ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ስፋት ይኑረው። ቀጭን ክር የመሰለ ማሰሪያ ያምራል፣ ግን እንደ ሽቦ ነው የሚቆርጥሽ። አንገት ላይ የሚታሰረውንም አልመክርም፤ ሙሉ ጡት አንገት ላይ ሲንጠለጠል በሁለተኛው ዘፈን ራስ ምታት ይጀምራል። ጀርባ ላይ በመስቀል ቢያልፍ ክብደቱ ይከፋፈላል።

ጨርቁን ስለብጠው ጡት መያዣውን ጎድጓዳ ሳህን ላይ ደፍቼ በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ እወጥርበታለሁ። ጠረጴዛ ላይ ጠፍጥፎ የሚለብጥ ሰፊ ካለ፣ ስትለብሺው ይሸበሸባል። ውስጡ የጥጥ ገበር ይሁን፤ ላብ ይጠጣል።

መንጠቆው 3 ይሁን፣ በሁለት ረድፍ። ከላዩ ደግሞ መርፌ ቁልፍ። ይህን ያልኩት ከደረሰብኝ ነው። በአንድ የአክስቴ ልጅ የሂና ማታ፣ በሁለት ትንንሽ መንጠቆ የተዘጋ ልብስ ለብሼ መሀል ገባሁ። ገና ዳሌዬን ሁለቴ ሳዞር ጀርባዬ ላይ "ጧ" አለ። ክንዴን ጎኔ ላይ ጥፍር አድርጌ ይዤ፣ በትከሻዬ ብቻ እየተወዛወዝኩ ወደ ጓዳ አመራሁ። ሴቱ እስክስታ የገባሁ መስሎት እልል አለ። ከዚያ ወዲህ መርፌ ቁልፍ ሳልይዝ ቤቴን ለቅቄ አላውቅም።

ስትለኪ ደግሞ ቀጥ ብለሽ ቆመሽ በመስታወት መሳቅ አይበቃም። እጅሽን ወደ ላይ ዘርጊ። ጎንበስ በይ። አንድ ደቂቃ ሙሉ ተንቀጥቀጪ። ያኔ ያልወጣ ነገር መድረክ ላይም አይወጣም።

ቀበቶው ይታጠፋል፣ ወይም ከላይ ይከፈታል።

ሁለት የተለያየ በሽታ ነው።

ከላይ የሚከፈተው ቀበቶው ቀጥ ብሎ ስለተቆረጠ ነው። ወገብሽ 95፣ ዳሌሽ 120 ከሆነ ሰውነትሽ ወደ ታች የሚሰፋ እንጂ እንደ ቱቦ አይደለም። ቀጥ ያለ ጨርቅ እዚያ ላይ ስታስሪው ታችኛው ጫፍ ይጠብቃል፣ ላይኛው ይንቀዋለላል። ቀበቶው ጠምዘዝ ብሎ፣ ከላይ አጥሮ ከታች ረዝሞ መቆረጥ አለበት። በጋዜጣ ወረቀት መጀመሪያ ሞክሪው። ዳሌሽ ላይ ሳይከፈት ከተኛ ያንን ነው የምትቆርጪው።

የሚታጠፈው ደግሞ ሆድ ስለሚጫነው ነው። ሆድ ወረድ ያለብን ሴቶች ቀበቶውን ከሆድ በታች ስናስር፣ ጎንበስ ስንል ሆዱ ወርዶ ይጠቀልለዋል። መድኃኒቱ ቀበቶውን ለብቻው አለመተው ነው። ጉርዱን ከላይ እስከ ጡት ሥር በሚደርስ ጠንካራ የሚለጠጥ መረብ እቀጥለዋለሁ፣ ቀበቶውን ጉርዱ ላይ እሰፋዋለሁ። አሁን ቀበቶውን የሚይዘው መረቡ ነው፤ አይወርድም፣ አይታጠፍም፣ ሆድሽም ቀለል ይልሻል። መረቡን ግን እንዳታጠብቂ። ይህ ጭፈራ ሆድ ካልተንቀሳቀሰ ትርጉም የለውም፣ ትንፋሽም ይፈልጋል።

ቀበቶውን ፊት ለፊት ወደ መሀል ሾጠጥ አድርጎ መቁረጥ ያምራል። ወጥ አግድም መስመር ሰውነትን እንደ አጥር ለሁለት ይከፍለዋል።

ለጉርዱ ስንት ሜትር ጨርቅ ልግዛ?

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ሽንሽን አልመክርሽም፤ ዳሌ ላይ የተሰበሰበ ጨርቅ ያብጣል። ክብ ጉርድ ግን ከላይ ተኝቶ ከታች ብቻ ይፈሳል።

ቀበቶው የሚያርፍበት ቦታ ዙሪያሽ 120 ሴንቲ ነው እንበል። ለ6.28 አካፍዪው፤ 19 ይመጣል። ከመሀል ነጥብ እስከ ውስጠኛው ክብ ያለው ርቀት ይህ ነው። ከቀበቶው እስከ ቁርጭምጭሚት 95 ጨምሪበት፤ 114 ሆነ። ስፋቱ 1.5 ሜትር በሆነ ሺፎን ላይ አንዱ ግማሽ ክብ 2.28 ሜትር ርዝመት ይፈጃል። ሁለቱ 4.56። 5 ሜትር ግዢ። ባለ ሱቁ "3 ሜትር ይበቃሻል እህቴ" ቢልሽ ፈገግ ብለሽ 5 አስቆርጪ።

አሁን ብዙ ሰፊ የሚዘላት ነገር። ሆድ ጉርዱን ከፊት ያነሳዋል፣ መቀመጫ ደግሞ ከኋላ። ዙሪያውን እኩል የተቆረጠ ጉርድ እኛ ላይ ከፊት አጥሮ ጎኑ መሬት ይጠርጋል። ስለዚህ ከቀበቶው እስከ መሬት ሦስት ጊዜ ይለካ፦ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ። በደንበኞቼ ላይ ልዩነቱ 5 ሴንቲ ሲደርስ አይቻለሁ።

ሌላው፣ ጉርዱ እንደተሰፋ አይዘምዘም። ቢያንስ አንድ ቀን ይሰቀል። በሰያፍ ያረፈው የጨርቁ ክፍል በራሱ ክብደት ይረዝማል። ከዚያ ልበሺውና ሌላ ሰው ከመሬት 3 ሴንቲ ከፍ አድርጎ ዙሪያውን ምልክት ያድርግ። በባዶ እግርሽ ነው የምትጨፍሪው።

ጭኔ ይፋተጋል።

ከሥር እስከ ጉልበት የሚደርስ ታይት። ቫዝሊንም ይረዳል፣ ግን ሺፎኑን ያበላሻል።

ጥቁር ብቻ ነው አይደል የሚያቀጥነን?

ለማቅጠን ከሆነ ለምን ዳሌሽ ላይ 200 ዶቃ ታስሪያለሽ? እንድትታዪ ነው የምትለብሺው። እኔ የወደድኩት ጥቁር አረንጓዴና የወይን ጠጅ ቀለም ነው፤ ጠይም ቆዳ ላይ ይነድዳሉ። አንድ ነገር ብቻ አስቢ፦ ጡት መያዣው፣ ቀበቶውና ጉርዱ አንድ ዓይነት ቀለም ሲሆኑ ቁመትሽ ይረዝማል። ሦስቱ ሦስት ቀለም ከሆኑ አጭሯን የበለጠ ያሳጥሯታል። እኔ 1.58 ስለሆንኩ ይህን በራሴ አውቀዋለሁ።

ዶቃና ዘርፍ የት ይደረግ?

ዘርፍ እንቅስቃሴን ያጎላል። ዳሌ በትንሹ ሲነቃነቅ ዘርፉ በትልቁ ይናገራል። ስለዚህ ረዥሙን ዘርፍ ዳሌ ላይ አድርጊው። ትልቅ ጡት ላይ ረዥም ዘርፍ ከተሰፋ ግን ከጡቱ ጫፍ ቀጥ ብሎ እንደ መጋረጃ ይንጠለጠልና ወገብሽን ይደብቀዋል። ወገብሽ ካልታየ ከላይ እስከ ታች አንድ ሆንሽ ማለት ነው። ጡቱ ላይ ወይ አጭር ይሁን፣ ወይ ጭራሽ ዘርፍ ሳይኖረው በዶቃ ብቻ ይሠራ።

ሳንቲም የሚመስለው የሚንሿሿ ነገር ድምፁ ደስ ይላል፤ ለስስ ጨርቅ ግን ይከብዳል። ከሥሩ ጠንካራ ገበር ካልገባ ሻርፑ መሀል ላይ ይንጋለላል።

ዶቃ ስትሰፊ በየ5 ዶቃው ክሩን ቋጥሪ። ካልቋጠርሽ አንዱ ሲበጠስ ሁሉም ወለል ላይ ይዘረገፋል፣ ባዶ እግርሽን ደግሞ ይወጋል። ባለፈው ዶቃ በየቀለሙ ለይቼ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አንዲት የጎረቤት እናት ገቡ። ትንሽ ዝም ብለው አዩና "ልጄ፣ የጨሌ ነገር ጀመርሽ እንዴ?" አሉኝ። ለማስረዳት ቡና ማፍላት ነበረብኝ።

ኦንላይን ልዘዝ ወይስ ላሰፋ?

በለዲ ከሆነ ማዘዝ ይቻላል፤ የሚለጠጥ ነው። በድላ ከሆነ ግን ኤክስ ኤል፣ ሁለት ኤክስ ኤል የሚለውን አትመኚ። የሁሉም ሻጭ ኤክስ ኤል ይለያያል። ከጡት ሥር ዙሪያውን፣ የጡቱን ክብ ልክና የቀበቶውን ርዝመት በሴንቲ ጠይቂ። ካልነገሩሽ አትግዢ። እኔ አንዴ ተታልዬ ያስመጣሁት ልብስ ቀበቶው ሁለቴ ይዞረኝ ነበር፣ ጡት መያዣው ግን ለልጄም አይሆን። ካይሮ የሚሄድ ዘመድ ካለሽ ኻን ኤል ኸሊሊ ገበያ ይህ ልብስ ይሸጣል፤ ልክሽን በወረቀት ጽፈሽ ስጪው። ዶቃው የተሰፋ ቀበቶ ብቻ ቢያመጣልሽና ጡት መያዣውን እዚህ ብታሰፊ ይሻልሻል።

ወንድ ሰፊ ልኬን እንዲወስድ አልፈልግም።

ልክ ነሽ፤ በረንዳ ላይ ሰው እያየ የሚወሰድ ልክ አይደለም። ቤትሽ ከእህትሽ ጋር ለኪው። የምትለብሽውን ጡት መያዣና ታይት አድርገሽ፦ የጡት ዙሪያ፣ ከጡት ሥር ዙሪያ፣ ከጡት ጫፍ እስከ ጡት ጫፍ፣ ወገብ፣ ቀበቶው የሚያርፍበት፣ የዳሌ ትልቁ ቦታ፣ ያልኳቸው ሦስቱ የመሬት ርዝመቶች። በመጨረሻ ተቀምጠሽ ሆድሽንና ዳሌሽን ድጋሚ ለኪ። ቆመሽ ካለው ይበልጣል፤ ልብሱ የሚቀደደውም ያኔ ነው። ሆድሽን ወደ ውስጥ ስበሽ አትለኪ! ሜትሩን ታታልያለሽ፣ ዚፑን ግን አታታልይም።

ብቀንስ ወይም ብጨምርስ?

ቀበቶው ጎን ላይ 10 ሴንቲ ተደራራቢ ይኑረውና መንጠቆው በሦስት ረድፍ ይሰፋ። የበለዲው ቀሚስ ደግሞ በየጎኑ 3 ሴንቲ ትርፍ ይተውለት። ሰፊሽ ትርፉን ቆርጦ እንዳይጥለው ንገሪው።

እንዴት ይታጠባል? ክረምቱንስ እንዴት ይለፍ?

ማሽን አይገባም፣ ካውያ አይነካውም፤ የሚያብረቀርቀው ፕላስቲክ ይኮማተራል። ጡት መያዣውን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በለስላሳ ሳሙና ጨመቅ ጨመቅ አድርጊው፣ ሳትጠመዝዢ ፎጣ ላይ አጋድመሽ ጥላ ሥር አድርቂው። በየጊዜው ማጠብ አያስፈልግም። ላብ ሲኖረው ውስጡን ገልብጠሽ አረቄ ርጪበትና አናፍሺው፤ ሽታውን ይዞት ይሄዳል። አረቄ ቤትሽ የማይገባ ከሆነ አቸቶ በውኃ አቅጥነሽ። ሁለቱንም ግን መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ ሞክሪ። ሽቶ ዶቃው ላይ አትርጪ፤ ያጠቁረዋል።

የጅማን እርጥበት ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። በክረምት ጫማ በሁለት ሳምንት ሻጋታ ያበቅላል። ልብሱን ፌስታል ውስጥ አትቋጥሪው፤ በነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለሽ አስቀምጪው። አትስቀይውም፤ ዶቃው ስለሚከብድ ማሰሪያው ይረዝማል። ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር አውጥተሽ ጥላ ውስጥ አናፍሺው። ሳንቲሞቹ ዝገው ሺፎኑን እንዳያበላሹ በመሀላቸው ጨርቅ አስገቢ።

ስንት ቀን አስቀድሜ ልምጣ?

በለዲ ከሆነ ሁለት ሳምንት። ዶቃ ያለው በድላ ከሆነ ሁለት ወር፤ ዶቃው በእጅ ነው የሚሰፋው፣ እኔም ዓይን አለኝ። የምትጨፍሪበትን ጡት መያዣና ታይት ይዘሽ ነይ፣ ምሳም በልተሽ ነይ። ሐሙስ ብቻ አትምጪ። የገበያ ቀን ነው፤ በሩ በሰው ተሞልቶ መጋረጃዬን መዝጋት አልችልም።